አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው የሚሮጡበት መንገድ ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅን «ወጣ በልና ሩጥ» ማለት ይከብዳል። የት ይሩጥ? የሰፈሩ ሜዳ ላይ ሕንፃ ከቆመ ቆየ። አስፋልቱ የሚኒባስና የሞተር ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ኳስ ይዞ የወጣ ልጅ የሰው መኪና መስታወት እንዳይሰብር ከየበረንዳው የሚጠብቁት ዓይኖች ብዙ ናቸው። የሽማግሌውም ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። ሐኪም «በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» ብሎ ያሰናብታቸዋል፤ የት እንደሚራመዱ ግን ማንም አይነግራቸውም።

እኛ ቤት ሁለቱም ጥያቄዎች የመጡት በአንድ ሰኔ ወር ነው። የ12 ዓመቱ ልጄ በትምህርት ቤቱ ውድድር አንደኛ ወጣና «አትሌት ነው የምሆነው» ብሎ አረፈው። በዚያው ሰሞን የ71 ዓመቱ አባቴ ደም ተመርምረው ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የሐኪሟ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ መድኃኒት፣ ምግብ መምረጥ፣ በእግር መሄድ።

መድኃኒቱና ምግቡ ብዙም አላስቸገሩንም። ያስቸገረን መራመዱ ነው። አባቴ ከቤት መውጣት ካቆሙ ወራት ተቆጥረው ነበር። በድሮው ሰፈራችን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ቡና ጠጥተው፣ ጋዜጣ ተቀባብለው አንብበው፣ ለምሳ ነበር ቤት የሚገቡት። ያ ሁሉ ሲደመር በቀን ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ስፖርት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ አንደኛው ጓደኛቸው ገላን፣ ሁለተኛው ቦሌ አራብሳ ሄዱ፤ ሦስተኛው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኛ ቀበና አካባቢ ተከራየን። በአዲሱ ሰፈር አባቴን «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» የሚል ሰው አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በዚያው ውለው ያመሻሉ።

የእኔ የሩጫ ታሪክ ደግሞ ብዙም የሚወራለት አይደለም። በታላቁ ሩጫ ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ሦስቱንም ጊዜ ከግማሽ በኋላ እየተራመድኩ፣ እየጨፈርኩና ፎቶ እየተነሣሁ ነው የጨረስኩት። ልጄን ለብቻው ልሰደው አልችልም፤ አባቴን ለብቻቸው ልተዋቸው አልችልም፤ ሁለቱን ለየብቻ ላጅብ ደግሞ ቅዳሜዬ አይበቃም። ስለዚህ ሦስታችንን አንድ ላይ የሚያስኬድ መንገድ መፈለግ ጀመርን። ከመስከረም እስከ ግንቦት በየቅዳሜው ስንሞክር ቆየን። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ በእኛው እግር የተፈተነውን ነው።

ሽቅቡን አስቀድሙ

የአዲስ አበባን ወንዞች ካርታ ላይ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ከተማዋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ፣ ሌሎቹም ጅረቶች ከእንጦጦ ተረተር ሥር ተነሥተው እየተገናኙ፣ ስም እየለወጡ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ መጨረሻቸው አባ ሳሙኤል ነው። እንጦጦ ላይ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ነው፤ መሐል ከተማው ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ከወንዝ ዳር የሚሮጥ ሰው ወይ እየወጣ ነው ወይ እየወረደ፤ ደልዳላ የሚባል ነገር እምብዛም የለም።

ይህ ለብቻው የሚሮጥ ወጣት ላይ ለውጥ አያመጣም። ሽማግሌና ልጅ ይዞ ለወጣ ሰው ግን ዋናው ነገር ነው። ቁልቁል ሲኬድ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ልጁ ይበርራል፣ አያት ይጫወታሉ፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይነጉዳል። ከዚያ መመለስ ይመጣል። እግር ከዛለ፣ ፀሐይ ከከረረ በኋላ ዳገት መውጣት ለስኳር ሕመምተኛ ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች የተማርነው ይህንን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት ስንወጣ ፊታችንን ወደ እንጦጦ እናዞራለን። ጉልበት ሳለ ሽቅብ፣ ሲደክም ቁልቁል። ቁልቁለቱ የሽማግሌን ጉልበት እንዳይጎዳ ደግሞ አባቴ ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ ከመንገዱ ግራ ወደ መንገዱ ቀኝ እየተዘዋወሩ፣ እርምጃቸውን እያሳጠሩ ነው። በቅሎ እንዲህ ነው የምትወርደው ይላሉ።

ቁልቁል መጀመር የምትችሉት መጨረሻው ላይ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ካለ ብቻ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንድ መንገድ፣ ሦስት ፍጥነት

የወንዝ ዳርቻ ልማት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወዳጅነት ፓርክን ነው። ከሸራተን ሆቴል አጠገብ ያለው ይህ ፓርክ የተመረቀው በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ሥራ ይፋ ሲሆን የተነገረው ዕቅድ ግን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳርቻ የሚሸፍን ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል፤ ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ በሚባለው መስመርም የቀበናን ዳርቻ ተከትሎ መሄጃ ተሠርቷል። እኛ ሠፈራችን እዚያው ስለሆነ ከሁሉም በላይ የተመላለስንበት ይህ ነው።

ሥራው ያለቀበትን እየተከተላችሁ፣ ካልተያያዘበት ቦታ ወደ ዋናው የእግረኛ መንገድ ወጣ እያላችሁ መሄድ አለባችሁ። መጀመሪያ ያለ ልጅ፣ በእርምጃ፣ ብቻችሁን ወይም ከባለቤታችሁ ጋር ሂዱና እዩት። የምታዩት ውበቱን ብቻ አይሁን። መቀመጫ በየስንት ደቂቃው አለ? መጸዳጃ ቤቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ክፍት ነው? ብስክሌቱና እግረኛው የሚለያዩት የት ነው? ደረጃ ካለ መደገፊያ ብረት አለው? ለእኛ ቤት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ያማሩ መንገዶችን አስጥሎናል።

የሦስት ሰው ፍጥነት አንድ መንገድ ላይ እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። መላው የመጣው ከልጄ ነው። እሱ ፊት ለፊት እስከሚታየው ድልድይ ወይም ትልቅ ዛፍ ሮጦ ይደርስና ዞሮ አያቱ ዘንድ ይመለሳል፤ እጃቸውን መታ አድርጎ እንደገና ይሄዳል። አባቴ አንድ ጊዜ ሲሄዱ እሱ ሦስት ጊዜ ያህል ይሸፍነዋል። እኔ መሐል ላይ ቀስ ብዬ እሮጣለሁ፤ ሁለቱንም አያለሁ። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ማንም ለብቻው አይቀርም። ሕጉ አንድ ነው፦ ከዓይን መሰወር ክልክል ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ልጁ መታጠፊያው ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አባቴ የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁና በእጃቸው ያዙ። የልጁን ምልልስ ይመዘግቡ ጀመር። ከቤት አሮጌ ደብተር መጣ። «ትናንትና ከዛፉ እስከ እኔ 52 ሴኮንድ ነበርክ፤ ዛሬ 55 ነህ፤ ማታ ስልክ ስትነካካ ነው ያመሸኸው» ይሉታል። ልጁ «ኧረ አባባ፣ ነፋስ ነው!» ይላል። ሐኪሟ ያዘዘችውን ግማሽ ሰዓት ሳያስቡት ከአንድ ሰዓት በላይ እየቆሙና እየሄዱ ይጨርሱታል። በኋላ ሳስበው፣ «ለጤናዎ ይራመዱ» ሲባሉ እምቢ ያሉት ሰው «ሰዓት ያዢ ያስፈልገናል» ሲባሉ ጫማቸውን አጠለቁ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አባት ካለ ሞክሩት።

ፍጥነትን በተመለከተ ከሰዓትም ከስልክም የሚሻል መለኪያ አለ፦ ወሬ። እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል ሰው ልኩ ላይ ነው። በየሁለት ቃሉ የሚያቃስት ከሆነ ይቀንስ። መዝፈን ከቻለ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ቅዳሜ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ግን የሳምንቱ መጀመሪያ ይሆናል።

አሁን ስለ ቁልቁሉ መንገድ። ጥር ላይ አባቴ ገላን ላሉት ጓደኛቸው ደወሉ። ገላንና ቀበና የከተማዋ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ለቡና የሚገናኙበት ርቀት አይደለም። ቦሌ ያለው ፒኮክ መናፈሻ ግን ለሁለቱም ይመቻል፤ እኛ ወንዙን ተከትለን ወደ ታች፣ እሳቸው በአውቶቡስ ወደ ላይ። አንድ ሰዓት ተኩል በእርምጃ ወርደን፣ መቀመጫ ባገኘንበት እያረፍን ደረስን። ጓደኛው ከሩቅ ሲያዩን ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሳይተያዩ ቆይተዋል። ልጄና እኔ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ የፒኮክ ነው፤ የአራብሳውም ሰውዬ መምጣት ጀምረዋል። ስንመለስ በታክሲ ነው።

እንጦጦ የአትሌት ብቻ አይደለም

እንጦጦ ላይ ማለዳ የሄደ ሰው አትሌቶቹን ሳያይ አይመለስም። ተከታትለው፣ አንድ መስመር ሠርተው፣ በባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ቀጥ ያለውን መንገድ ትተው ዛፍ ለዛፍ የሚዞሩት ለምንድን ነው ብሎ ልጄ ጠየቀ። አንዱን ወጣት ራሱ ጠይቆ መልሱን አገኘ፦ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ዳገቱ ይሰበራል፣ ከፊት ያለውን ሰው እግር እያየህ ስትከተል ደግሞ ድካሙን ትረሳዋለህ። ብቻውን መሮጥን አትሌቱ እንደ ጥሩ ልማድ አያየውም። ልጅዎ «ብቻዬን ነው የምሮጠው» ቢልዎ ይህንን ይንገሩት።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድ፣ መጸዳጃ ቤትና ማረፊያ ስላለው ለአያቶች ምቹ ነው። ሩጫው ግን ከተነጠፈው ወጣ ብሎ ባለው አፈር ላይ ይሻላል። ድንጋይ ንጣፍ ጉልበት ይመታል፤ ለልጅም ሆነ ለአርባ ዓመት ሴት አፈር ይመረጣል፤ ለ71 ዓመት ሰው ደግሞ የዛፍ ሥር የሌለበት ንጣፍ። ስለዚህ እዚያ ስንሄድ አባቴ በንጣፉ ላይ፣ እኛ ከጎናቸው ባለው የአፈር መንገድ ላይ፣ እየተያየን እንሄዳለን።

ከፍታውን አትናቁት። ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በመጣ በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ይዘነው ወጣን። እዚያ በስላይጎ ክሪክ ዳር በሳምንት አራት ቀን የሚሮጥ ሰው ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ግንድ ተደግፎ ቆመ፤ አባቴ ቀስ ብለው አለፉት። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ ከውጭ ሲመጡ ሁለት ሦስት ቀን በከተማው ዙሪያ በእርምጃ ከቆዩ በኋላ ነው ወደ እንጦጦ መውሰድ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ዳገት ላይ ባይሮጡ ይሻላል።

ጎህ ሳይቀድ ጫካ አትግቡ። ጅብ አለ፤ ተረት አይደለም። አትሌቶቹ በብዛት ስለሆኑ አይነካቸውም፤ እናት፣ አያትና አንድ ልጅ ግን ብዛት አይባሉም። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ጫካው ውስጥ አንገባም። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ ደግሞ መንገድ ልቀቁ። ያን ሸክም ይዞ ቆሞ ማሳለፍ ከባድ ነው፤ የምንሮጠው እኛ ነን፣ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ወደ ማርያምና ወደ ጸበሉ የሚሄዱ ሰዎችም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት፤ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሲደረስ ሩጫ ቆሞ እርምጃ ይሆናል። ይህን ለልጄ የነገርኩት እኔ አይደለሁም፤ አያቱ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ነው። 705 ሄክታር ነው፤ ጸጥታው ከተማ ውስጥ ያላችሁ አይመስልም። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ይታያል። አባቴ ቅጠል እየቀነጠሱ ሳይሆን እየጠቆሙ ለምን ለምን እንደሚሆን ያስረዳሉ፤ የዚያን ቀን ደብተሩ ውስጥ ሰዓት ሳይሆን የዛፍ ስም ነው የተጻፈው። ለሩጫ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። ጉድለቱ ከእኛ ቤት ሁለት ታክሲ መሆኑ ነው። ጃን ሜዳ ደግሞ ወንዝም ዛፍም ባያሳይ ደልዳላ ነው፤ ዳገት የማይችል ሰው እዚያ ይጀምር። ወዳጅነት ፓርክ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላሏቸው አያቶች ግን ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ለመሮጥ አይመችም፤ ሰው ይበዛል።

ወንዙ ሲሞላ፣ ወንዙ ሲሸት

በሐምሌና በነሐሴ የወንዝ ዳር ሌላ ቦታ ነው። ቦሌ ላይ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ተረተሩ ላይ የወረደው ዝናብ ታች እስኪደርስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። አባቴ ምልክቱን ያውቁታል። መጀመሪያ ውኃው ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ቅጠልና ላስቲክ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ከታች ድንጋዩ ሲንኳኳ ይሰማል። ድፍርሱን ያየ ሰው ድንጋዩን እስኪሰማ አይጠብቅም፤ ወደ ላይ ይወጣል። በልጅነታቸው ከሠፈር ልጅ በቀበና ጎርፍ ሲወሰድ አይተዋል፤ ስሙን ዛሬም ያነሣሉ።

እኛ ክረምት ላይ የያዝነው ደንብ ይህ ነው፦ ከቀትር በኋላ ወንዝ ዳር የለም። ማለዳም ቢሆን ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ከፍ ባለው መንገድ ብቻ። ድልድይ ሥር መጠለል የለም። ውኃ ያለፈበትን ቦታ፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ቢመስልም፣ መሻገር የለም። ልጆች ይህን «እንዴ፣ ትንሽ ውኃ ነው እኮ» ይሉታል፤ እዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለም።

በጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውኃው ሲያንስ ሽታው ይበዛል። ዳርቻው ቢያምርም፣ አበባው ቢተከልም፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የጋራዥ ዘይት የሚገባበት ወንዝ ነው። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አንዳንድ ቦታ አፍንጫ ያስይዛል። እዚያ መሮጥ ሳንባን አያስደስትም፤ እነዚያን ወራት ወደ እንጦጦና ጉለሌ አዙሩት። ልጅ ውኃውን እንዳይነካ፣ ኳስ ከገባም ተከትሎ እንዳይገባ መንገር ያስፈልጋል፤ ቤት ሲገባ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

አንድ ቀን መጋቢት ላይ የቀበና ድልድይ አጠገብ አርፈን ሳለ አባቴ ወደ ታች እያዩ ስለ ዋና አወሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አድርገው የሚገቡበት ጉድጓድ ነበር። እናታቸው ጋቢ አጥበው ሣሩ ላይ ያሰጡ ነበር። ልጄ ወደ ውኃው አየ፤ ግራጫ ነው፣ አንድ ጫማ ተንሳፎበታል።

«አባባ፣ እውነት እዚህ ውስጥ ነው የዋኙት?»

«እዚሁ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

አባቴ ቶሎ አልመለሱም። ቆይተው «እኛ ነን» አሉት። ልጁ ደግሞ መልሶ «እኔ ግን አላደረግሁም» አለ። አያቱ «አዎ፣ አንተ አላደረግህም» ብለው ደብተሩን ከፈቱና «በል ተነሥ፣ እስከዚያ ምሰሶ» አሉት። እኔ ባለፈው ዓመት ስለ ወንዞቹ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ግልጽ ያለ መልስ ግን አልሰማሁም።

በቦርሳ ውስጥ

ሽማግሌ ይዞ ለሚወጣ ሰው ሐኪም ማማከር ግድ ነው፤ በተለይ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለ። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ ሆድ አይውጣ፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ላብ ካሰመጠው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወዲያው ተቀምጦ ከረሜላውን ይብላ፤ ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ነው። ቤት ሲገባ እግሩ ይታይ፤ ስኳር ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ጠጠር የፋቀው ቁስል ሳይታወቅ ይሰፋል። የአባቴን እግር የሚያየው ልጄ ነው፤ በየቅዳሜው፣ ጣት ለጣት። መጀመሪያ ላይ አባቴ አፍረው ነበር፤ አሁን ራሳቸው ካልሲያቸውን አውልቀው ይጠብቁታል።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ልጁን ከኋላ አድርጉ፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ከነከሰ ግን ቁስሉን ቢያንስ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ «ቆይ እንየው» የሚባል ነገር አይደለም። ጫማን በተመለከተ ለልጅ አዲስና ውድ መሆን የለበትም፤ ተረከዙ ያላለቀ፣ ጣቱ የማይነካበት ይበቃል። ስልክ አንድ፣ ውኃ ለየራስ፣ ነጠላ ወይም ጃኬት ላረፈ ሰው። ሌላው ሁሉ ሸክም ነው።

በግንቦት ምርመራ የአባቴ ስኳር ወርዷል። መድኃኒቱን ግን አልተዉም፤ መተውም የለባቸውም። ልጄ አትሌት ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም፤ ከዛፉ እስከ አያቱ 46 ሴኮንድ ደርሷል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሰብነው አንድ ነገር አለ። አባቴ ወንዙን ከቀበና እስከ አባ ሳሙኤል በየቅዳሜው እየቆራረጡ መጨረስ ይፈልጋሉ፤ የቆምንበት ድረስ በታክሲ ሄደን፣ ከዚያ በእግር እየቀጠልን። ከአቃቂ ወዲያ መንገዱ የገበሬ መንገድ ነው፤ ጥቅምት ላይ ጭቃው ሲደርቅ እንጀምራለን። የገላኑ ጓደኛቸው በመንገዳችን ላይ ስለሆኑ ከዘራቸውን ይዘው እዚያ ይጠብቁናል።